ገዢውን ማን አመጣው?

አሜሪካ የሚኖረው የእኛ ሰው እንጀራ የሚጋግርበት ኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ለእንጀራ የተሠራ አይደለም። የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ‹‹ሌፍሰ›› የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ እንዲጋግሩበት አንድ የአዮዋ ኩባንያ የሠራው፣ ‹‹ቤታኒ›› የሚባል ሰፊ ክብ ምጣድ ነው። ለኖርዌይ ቂጣ የታሰበ ዕቃ እኛ ጓዳ የገባው በአፍ ነው፤ አንዷ ለሌላዋ እየነገረች። አሁን ደግሞ ወሬው ዩቲዩብ ላይ ወጥቷል።

ሜሪላንድ ያለች አንዲት ባለሙያ የእንጀራ አጋገር የምታሳይበት ቻናል አላት እንበል። ከቪዲዮዋ ሥር ‹‹ምጣዱን ለምትጠይቁኝ፣ ይኸው›› ብላ የአማዞን ሊንክ ታስቀምጣለች። ረጅም፣ ለዓይን የማይመች ሊንክ ነው፤ ጭራው ላይ ግን የእሷ መለያ የሆነች አጭር ቃል ተቀጥላለች። ሚኒሶታ ያለች ተመልካች ሊንኩን ስትጫነው አማዞን ያቺን ቃል ያነብና የተመልካቿ ብራውዘር ላይ ምልክት ያኖራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል። ተመልካቿ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጣዱን ከገዛች ባለሙያዋ ከመቶ ጥቂት ታገኛለች። ምጣዱን ትታ ለልጇ ጫማ ብትገዛም ከጫማው ታገኛለች። ‹‹እስቲ ከባለቤቴ ጋር ልማከር›› ብላ ዘግታ ከነገ ወዲያ ራሷ አማዞን ገብታ ብትገዛው ግን ባለሙያዋ አምስት ሳንቲም አይደርሳትም። ምጣዱን ያስወደደቻት እሷ፣ ሊጥ ስታቀጥንና ስታሰፋ ያየቻት እሷን፣ ኮሚሽኑ ግን የለም።

ይህ ሥራ አፊሊዬት ማርኬቲንግ ይባላል። አፊሊዬቱን ደላላ ብንለው ብዙም አንሳሳት፤ ሆኖም ደላላ ሻጭና ገዢን ፊት ለፊት ያገናኛል፣ ዋጋ ያስማማል፣ አንዳንዴም አስታራቂ ይሆናል። አፊሊዬቱ ዋጋ አይከራከር፣ ዕቃ አይነካ፣ የገዢውን ስም እንኳ አያውቅ፤ ደጃፍ ድረስ አምጥቶ ይመለሳል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ጠቡ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያከራየ ሰው ያውቀዋል፦ ውል ተፈርሞ ቁልፍ ከተሰጠ በኋላ ሁለት ደላላ በር ላይ ቆሞ ‹‹ሰዎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ!›› ይባባላል። አንዱ መጀመሪያ ያሳየ ነው፤ ሌላው መጨረሻ ላይ ያፈራረመ። የኢንተርኔቱ ድለላ ሦስት ዐሥርት ዓመት ከምናምን ዕድሜ አለው፤ ፍርድ ቤት የደረሰውም፣ ሕግ የወጣበትም፣ ሰው የታሰረበትም ይኸው ጠብ ነው።

ታሪኩ ከአበባ ይጀምራል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1989 ዊልያም ቶቢን የሚባል አሜሪካዊ ‹‹ፒሲ ፍላወርስ ኤንድ ጊፍትስ›› የተሰኘ የአበባ መሸጫ ፕሮዲጂ ላይ ከፈተ። ፕሮዲጂ ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ አይቢኤምና ሲርስ ያቋቋሙት፣ ሰዎች በስልክ መስመር በኮምፒውተር የሚገናኙበት አገልግሎት ነው። ቶቢን ከተሸጠው አበባ ላይ ለፕሮዲጂ ኮሚሽን ይከፍል ነበር። በ1993 ሽያጩ በዓመት ከ6 ሚሊዮን ዶላር በለጠ፤ ወደ ኢንተርኔት ከተሻገረ በኋላ በ1995 ወደ 2,600 የሚደርሱ ተባባሪዎች ነበሩት። የነጋዴው ደስታ ግልጽ ነው። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ሲያወጣ አንባቢው ገዛም አልገዛም ይከፍላል፤ እዚህ ግን ካልተሸጠ ኪሱ አይነካም።

በዚያው ሰሞን የወሲብ ገጾችም ጎብኚ ላመጣላቸው በቁጥር መክፈል ጀምረው ነበር። የንግዱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ምዕራፍ በጨዋነት ዝቅ ብለው ያልፏታል። እኔም አልፌያታለሁ።

በ1994 መንትዮቹ ጄሰንና ማቲው ኦሊም ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሲዲናው የሚባል የሙዚቃ መሸጫ ገጽ አቋቋሙ። ጌፈን ሪከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ የሙዚቀኞቹን ሲዲ በራሱ ገጽ ሊሸጥ ፈልጎ፣ ትእዛዝ መቀበሉን፣ ማሸጉንና መላኩን ግን ስላልወደደው ‹‹እናንተ አትሠሩልንም ወይ?›› አላቸው። ከዚህ ንግግር ‹‹ባይዌብ›› የተባለ አሠራር ተወለደ፦ ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ማንኛውም ገጽ ስለ አንድ አልበም ጽፎ ሥሩ ሊንክ ያኖራል፤ አንባቢው ሊንኩን ተከትሎ ሲዲናው ገብቶ ከገዛ ጸሐፊው ድርሻውን ያገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ አድናቂ፣ ሱቅ ሳይኖረው፣ ስለሚወደው ነገር በመጻፍ ብቻ የሽያጭ ተካፋይ ሆነ።

አማዞን ‹‹አሶሺዬትስ›› ያለውን ፕሮግራሙን የከፈተው በሐምሌ 1996 ነው። ጄፍ ቤዞስ አንድ ግብዣ ላይ ያገኛት ሴት ስለ ፍቺ የተጻፉ መጻሕፍትን በገጿ መሸጥ እፈልጋለሁ አለችው፣ ሐሳቡም ከዚያ መጣ ተብሎ ይተረካል። ተረኩ ያምራል፤ ግን ቶቢንና ኦሊሞች ቀድመው መንገዱን ጠርገውታል። ‹‹ማን ቀደመ›› የሚለውን የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ሲመዘግብ ደግሞ ነገሩ ይብሱን ተዘባረቀ። ቶቢን ማመልከቻውን ያስገባው በጥር 1996፣ የአማዞን ፕሮግራም ገና ሳይከፈት ነው። አማዞን በ1997 አስገባ። ፓተንቱን ግን አማዞን በየካቲት 2000 ተቀበለ፤ ቶቢን እስከ ጥቅምት 2000 ጠበቀ። ሲዲናውማ በዚያው ዓመት በ117 ሚሊዮን ዶላር ለጀርመኑ ቤርቴልስማን ተሸጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ገጹን የሚያስተዳድረው አማዞን ሆነ። መንገድ ጠራጊና ባለ መንገድ አንድ አይደሉም።

ነጋዴው አንድ፣ አገናኙ ሺህ ሲሆን ማን ይቁጠር? አፊሊዬቱ ነጋዴውን አያምነውም፤ ‹‹ሰባት ላክሁ፣ ሦስት ብቻ ገዙ ይለኛል›› ብሎ ይጠረጥራል። ነጋዴውም አፊሊዬቱን አያምነውም። ስለዚህ በደላሎች ላይ ደላላ ተሾመ። ወንድምና እህቱ ስቲቭንና ሃይዲ ሜሰር በ1996 ኒው ዮርክ ላይ ሊንክሼርን መሠረቱ፤ በ1998 ኮሚሽን ጀንክሽን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በ2000 ሼርአሴል ቺካጎ ላይ ተከተሉ። እንዲህ ያሉ ኔትወርኮች ሚዛን ያዥ ናቸው፦ ሊንኩን ያወጣሉ፣ ሽያጩን ይመዘግባሉ፣ ገንዘቡን ከነጋዴው ሰብስበው ለአፊሊዬቱ ያደርሳሉ፣ ለራሳቸውም ይቆርጣሉ። ሊንክሼርን የጃፓኑ ራኩተን በ2005 በ425 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛው ሚዛን መያዝ ራሱ ስንት እንደሚያወጣ ታየ።

የኔትወርኮቹን ውል አንድ ጊዜ ተቀምጦ ያነበበ ሰው ንግዱ በምን እንደሚሠቃይ ይገባዋል። ገዢው ዕቃውን ሊመልስ ይችላልና ኮሚሽኑ የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ ታግዶ ይቆያል። አፊሊዬቱ በነጋዴው ስም ጎግል ላይ ማስታወቂያ እንዳይገዛ ይከለከላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የሱቁን ስም ጽፎ የሚፈልግ ሰው ሊገባ በር ላይ ደርሷል፤ ብልጡ አፊሊዬት ግን ከፍለጋው ውጤት በላይ ማስታወቂያውን ለጥፎ፣ ደርሶ የነበረውን ሰው በራሱ ሊንክ አዙሮ ያስገባዋል። ነጋዴውም ለገዛ ደንበኛው ኮሚሽን ይከፍላል። በራሱ እግር የመጣን ሰው ደጃፍ ላይ እጁን ይዞ ‹‹አምጥቼልሃለሁ›› እንደማለት ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው ኩኪ በሚባል ነገር ላይ ነው። ኔትስኬፕ የተባለው የብራውዘር ኩባንያ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ በ1994 ሲፈጥረው ሐሳቡ የዋህ ነበር። ድረ ገጽ ማንን እንዳነጋገረ አያስታውስም ነበርና፣ ለምሳሌ ገዢ ጋሪው ውስጥ ምን እንደጨመረ እንዳይረሳ፣ ብራውዘሩ ውስጥ አጭር ማስታወሻ እንዲቀመጥ አደረገ። አፊሊዬቶች ይህችን ማስታወሻ ደረሰኝ አደረጓት። ማስታወሻዋ ግን ደካማ ናት፦ ትጠፋለች፣ ትሰረዛለች፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በላይዋ ላይ ሌላ ይጻፍባታል። ንግዱም ለጠቡ መፍትሔ እንዲሆን አንድ ደንብ ተቀበለ፤ የመጨረሻውን ሊንክ ያስጫነ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ለሒሳብ ቀላል፣ ለፍትሕ የማይመች ደንብ ነው። ቤት ሲያሳይ ሦስት ቀን የዞረው ደላላ ቀርቶ ፊርማ ላይ የደረሰው ይከፈለዋል ማለት ነው።

ደንቡ እንዲህ ከሆነ ሌባው ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የኢንተርኔት ገበያውን ኢቤይን እንመልከት። ከኢቤይ አፊሊዬቶች ሁሉ ከፍተኛውን ኮሚሽን የሚወስዱት ሁለት ሰዎች ናቸው ሲባል ኩባንያው መጀመሪያ የደነቀው ጉብዝናቸው ነበር። ሰዎቹ ብሎግና ማይስፔስ በተባለው ማኅበራዊ ገጽ ላይ የሚለጠፉ ነጻ መገልገያዎችን ያድሉ ነበር፤ ለምሳሌ የገጽህን ጎብኚዎች ከየት እንደመጡ የሚያሳይ ካርታ። ካርታው እውነተኛ ነው። ከካርታው ጋር ግን ዓይን የማያየው ነገር አብሮ ይጫናል፤ ገጹን የከፈተ ሁሉ ምንም ሳይነካ፣ የኢቤይን ስም ሳያይ፣ ብራውዘሩ ላይ የእነሱ ኩኪ ይቀመጣል። ከዚያ ሥራ የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ኢቤይ በዚያ ዘመን ሕዝብ የሚጎርፍበት ገበያ ስለነበር ኩኪ ከተቀመጠባቸው ሰዎች የተወሰኑት በራሳቸው ሐሳብ ሄደው መግዛታቸው አይቀርም። ሲገዙ ኮሚሽኑ ካርታ ላደለው ይሄዳል። ሁለቱ ባንድ ላይ የወሰዱት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ኢቤይ በ2008 ከሰሳቸው፤ ዐቃቤ ሕግ በማጭበርበር ወንጀል ተከተለ፤ ሁለቱም ጥፋታቸውን አምነው በ2014 አንዱ 5፣ ሌላው 15 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ማንንም ሳያመጡ ‹‹አመጣን›› ብለው የበሉ ደላሎች ናቸው። ኢቤይን የጎዱት ይመስላል፤ ኢቤይ ላይ ስላለ ዕቃ አምሽቶ የጻፈውን፣ ኩኪው ተጽፎበት ኮሚሽኑ የቀረበትን ምስኪን ጸሐፊ ግን ማንም አልቆጠረውም።

የሚቀጥለው ጠብ ካልታሰበ ወገን መጣ፤ ከግብር ሰብሳቢው። በ1992 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ነጋዴ በክፍለ ግዛቱ ውስጥ በአካል ካልተገኘ የሽያጭ ታክስ ሰብስብ ተብሎ አይገደድም ብሎ ወስኖ ነበር። አማዞን በዚህ ሲጠቀም ኖረ። በ2008 ኒው ዮርክ ብልሃት አገኘች። ‹‹እናንተ እዚህ የላችሁም፣ እሺ። እዚህ ተቀምጠው ገዢ የሚያመጡላችሁ አፊሊዬቶች ግን አሉ። እነሱ ካሉ እናንተም አላችሁ›› አለች። በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ሽያጭ በዚህ መንገድ ካመጡ ነጋዴው ታክስ ይሰብስብ ተባለ። ገዢውን ያመጣ ሰው ለነጋዴው ደላላ ብቻ ሳይሆን አድራሻም ሆነለት።

አማዞን ኒው ዮርክን ከሰሰ፤ አልተሳካለትም። ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ሲያወጡ ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ አፊሊዬቶቹን ማባረር። በ2009 የኖርዝ ካሮላይናና የሮድ አይላንድን፣ በ2010 የኮሎራዶን፣ በ2011 የኢሊኖይን አሰናበተ። በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ የካሊፎርኒያው ገዥ ጄሪ ብራውን ሕጉን ሲፈርሙ በሺዎች የሚቆጠሩ የካሊፎርኒያ አፊሊዬቶች በኢሜይል ተሰናበቱ። ይህን ሥራ መተዳደሪያቸው ያደረጉ ጸሐፊዎች በአንድ ጀምበር ገቢያቸው ተቋረጠ፤ አንዳንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ሕጉ ወደሌለበት ክፍለ ግዛት ሄደ። በመስከረም አማዞንና ካሊፎርኒያ ታርቀው ሰዎቹ ተመለሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ዌይፌር በሚባለው መዝገብ የ1992ቱን ውሳኔ ሲሽር ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ታክስ ለማስከፈል አፊሊዬት መፈለግ አላስፈለገም። በዚህ ክርክር መሀል ዋጋ የከፈለው ብዙ ጊዜ አፊሊዬቱ ነበር። ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ገዢውስ? ገዢው ይህ ሁሉ ከጀርባው ሲሆን አያውቅም ነበር። ‹‹ይህ የማድቤት መፍጫ ወደር የለውም›› ያለው ጸሐፊ መፍጫው በተሸጠ ቁጥር እንደሚከፈለው የሚነግረው አልነበረም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 መመሪያውን አሻሽሎ፣ ከሚያወድሰው ዕቃ ጥቅም የሚያገኝ ብሎገር ይህንኑ በግልጽ ይናገር አለ። ጎግል በበኩሉ በ2011 ‹‹ፓንዳ›› በተባለው ለውጡ ከሌላ የተገለበጠ ጽሑፍ ላይ ሊንክ ብቻ የሚደረድሩ ገጾችን ወደ ታች ጣላቸው። በዚያው ዓመት ብራያን ላም የተባለ ጸሐፊ ዋየርከተር የተባለውን ገጽ ጀመረ። ዋየርከተር ሐሳቡን ገለበጠው፦ ስለ መቶ ቴሌቪዥን መቶ ጽሑፍ ከመጻፍ ቴሌቪዥኖቹን ፈትሾ ‹‹ይህን ግዙ›› የሚል አንድ ረጅም ጽሑፍ። ገቢው ኮሚሽን መሆኑንም አልደበቀም። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2016 ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ደላላ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለው የድሮ ጥያቄ ይህ የማውቀው ጥሩ መልስ ነው።

ሐቀኛም ሆነ አልሆነ ግን ተመኑን የሚቆርጠው ባለ ሱቁ ነው። በሚያዝያ 2020፣ ሰው ሁሉ በኮሮና ቤቱ ተዘግቶ በኢንተርኔት ሲገዛ፣ አማዞን የአፊሊዬቶችን ድርሻ ቀነሰ፤ የቤት ዕቃና የቤት ማደሻ ከመቶ 8 ወደ 3፣ አስቤዛ ከ5 ወደ 1። ከተነገረበት እስከ ተጀመረበት አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ኩኪዋም አልተረፈችም፤ በዚያው ዓመት አፕል ሳፋሪ በተባለው ብራውዘሩ ላይ ከሌላ ገጽ የሚመጡ ኩኪዎችን ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ጎግልም ክሮም ላይ እዘጋለሁ ብሎ ለዓመታት ሲያስፈራራ ቆይቶ በ2024 ሐሳቡን ለወጠ።

ወደ ጠቡ ልመለስ፤ ትልቁ ገና አልመጣም ነበርና። በብራውዘር ላይ የሚጫን፣ ሊከፍሉ ሲሉ ብቅ ብሎ ‹‹ኩፖን ልፈልግልዎ?›› የሚል ሃኒ የሚባል ኤክስቴንሽን አለ። ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ዩቲዩበሮች ተከፍሏቸው ለዓመታት አስተዋወቁት። በታኅሣሥ 2024 ሜጋላግ የሚባል ዩቲዩበር አንድ ቪዲዮ አወጣ፤ ክሱም ይህ ነበር፦ ገዢው በአንድ ዩቲዩበር ሊንክ ገብቶ ሊከፍል ሲል የሃኒን መስኮት ከነካ፣ ኩፖን ባይገኝ እንኳ፣ የዩቲዩበሩ መለያ በሃኒ መለያ ይተካል። ኩኪው ላይ ተጻፈበት ማለት ነው። ሃኒን ሲያወድሱ የነበሩት ሰዎች የራሳቸውን ኮሚሽን የሚወስድባቸውን ነበር ያስተዋወቁት። ክስ ተከተለ። ፔይፓል የሰጠው መልስ የንግዱን ልብ ያሳያል፤ የምንከተለው በሥራው የተለመደውን፣ የመጨረሻውን ጠቅታ የሚቆጥረውን ደንብ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ደንቡ አለ። ነገሩም አዲስ አልነበረም፤ በ2002 በሰው ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቀው የሌሎችን ኮሚሽን የሚነጥቁ ፕሮግራሞች በዝተው ኔትወርኮቹ የሥነ ምግባር ደንብ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2025 መጋቢት፣ ጎግል ለገዢው የሚታይ ጥቅም ሳይሰጡ የአፊሊዬት ሊንክ የሚያስገቡ ኤክስቴንሽኖችን ከክሮም መደብሩ ከለከለ።

ከ2023 ወዲህ ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍቷል፤ ቪዲዮው፣ ሱቁና ክፍያው አንድ ቤት ስለሆኑ ገዢው ከቦታው ሳይነሳ ይገዛል፣ ኩኪም ብዙ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለሱቅ ዕቃ የሚያስተዋውቅ የቴሌግራም ቻናል ባለቤት ያለ ኩኪ ይሠራል፤ ስልክ ደውሎ ‹‹የላክኋት ልጅ ገዛች?›› ይላል። ባለ ሱቁ ‹‹አልመጣችም›› ካለው አልመጣችም ነው።

የአማዞን ሰዓት አሁንም 24 ነው። የሜሪላንዷ ባለሙያ ገጿን ስትከፍት ስንት ሰው ሊንኩን እንደነካና ስንት ዕቃ እንደተሸጠ ታያለች፤ ተማክረው፣ ገንዘብ አጠራቅመው፣ በሳምንቱ የተመለሱትን ግን አታያቸውም። ምጣዱን ከእሷ አይታችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ከቪዲዮዋ ሥር ጻፉላት፤ ኩኪው አልነገራትም።